በመኪና ትርኢት ላይ የሚቆም ገላጭ ሰሌዳ፦ የቃላት አመራረጥና የጽሑፍ አቀማመጥ

1. መንደርደሪያ

በስያሜ ጥናት ላይ የተሰማራን ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የምንከራከረው ስለ መማሪያ መጻሕፍት፣ ስለ ሕግ ጽሑፎችና ስለ ሙያ መዝገበ ቃላት ነው። ይሁን እንጂ የአንድ ስያሜ መቆምና መውደቅ የሚለየው ከእነዚህ እጅግ ባነሰ ጽሑፍ ላይ ሊሆን ይችላል። በመኪና ትርኢት ላይ ከመኪናው ጐን የሚቆመው፣ የመኪናውን ማንነት በጥቂት መሥመሮች የሚያስረዳው ሰሌዳ ከእንዲህ ዓይነቶቹ ትንንሽ ጽሑፎች አንዱ ነው። አንባቢው ቆሞ ያነባል፤ መዝገበ ቃላት በእጁ የለም፤ ነገሩ ራሱ ግን ከፊቱ ቆሟል። ስለዚህ ቃሉ ከነገሩ ጋር ያለ አማላጅ የሚጋጠመው በዚህ ቦታ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ከአሶሳ የመጣ ጥያቄ ነው። አንድ ባለመኪና አሮጌ ላንድሮቨሩን አሳድሶ ለሕዝብ ለማሳየት አሰበና ከጐኑ የሚያቆመውን ጽሑፍ እንድናርምለት ረቂቁን ሰጠን። ረቂቁ እንዲህ ይል ነበር፦

«ይህ ተሽከርካሪ በ1965 የተመረተ ባለ አራት ጎማ ሲሆን የኃይል ማመንጫው በፊተኛው አካሉ ተተክሎ ይገኛል፤ የማቆሚያ ሥርዓቱና የኃይል ማስተላለፊያ ሣጥኑም በባለሙያ ተጠግኗል።»

ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ እንከን አይወጣለትም። ዳሩ ግን ረቂቁን መኪናውን በእጁ ላደሰው መካኒክ ስናነብለት ያልጠበቅነው ጥያቄ ቀረበልን። ይህ ሰው አፉን የፈታው በበርታ ቋንቋ ሲሆን አማርኛን በትምህርት ቤትና በጋራዥ የተማረ ነው። መጀመሪያ «የኃይል ማመንጫ ያላችሁት የጉባውን ነው?» አለን። ቀጥሎም «ማቆሚያውን ማን ሠራው? መኪናው የሚያድረው እኮ ሜዳ ላይ ነው» ሲል ጠየቀ። በጽሑፉ ውስጥ «ባለሙያ» የተባለው እርሱ ራሱ መሆኑን፣ «ማቆሚያ» የተባለውም ፍሬኑ መሆኑን ስንነግረው ሣቀ። ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አይደለም። መኪናውን ፈትቶ የገጠመው ሰው የገዛ ሥራውን በጽሑፍ ላይ ሊያውቀው አልቻለም። ለሙያው ሰው እንግዳ የሆነ የሙያ ቃል ለማን ተሠራ ማለት ነው? ከዚህ በታች የምናቀርበው ማብራሪያ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ የተደረገ ሙከራ ነው።

2. የአንባቢው ማንነት

ስለ ቃላቱ ከመናገራችን በፊት ስለ አንባቢው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው። ነባሮቹ ሕዝቦች፣ ማለትም በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦና ኮሞ፣ የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ በርታ፣ ጉሙዝና ኮሞ ከናይሎ ሰሐራ፣ ሽናሻና ማኦ ደግሞ ከኦሞአዊ የቋንቋ ወገን ይመደባሉ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በሰፈራ የመጡ የወሎ ሰዎችና ልጆቻቸው ደግሞ የወሎን አማርኛ ይናገራሉ። በአሶሳና በኩርሙክ በኩል የሱዳን ዐረብኛ የገበያና የጉርብትና ቋንቋ ሆኖ ኖሯል።

ስለዚህ በአሶሳ የሚቆም የአማርኛ ሰሌዳ ቢያንስ ሦስት ዓይነት አንባቢ አለው፦ አማርኛ አፍ መፍቻው የሆነ፣ አማርኛን በትምህርት ቤትና በቢሮ የተማረ፣ እንዲሁም አማርኛን በዋናነት በሥራ ቦታ የለመደ። ለመጀመሪያው ሰው እንግዳ ቃል ሲያጋጥመው ከሥርወ ቃሉ ተነሥቶ ትርጉሙን ሊገምት ይችላል። ሦስተኛው ሰው ግን ይህ መንገድ የለውም፤ ቃሉን ያውቀዋል ወይም አያውቀውም። ከግእዝ ወይም ከአማርኛ ሥር ተነሥቶ የተቀመረ ስያሜ «ራሱን ያብራራል» የሚለው የተለመደ ክርክራችን ለመጀመሪያው አንባቢ እንጂ ለሦስተኛው እንደማይሠራ ልብ ልንል ይገባል።

3. ሰሌዳውና ትርኢቱ ምን ተብለው ይጠሩ?

ችግሩ ከራሱ ከሰሌዳው ስም ይጀምራል። «ሰሌዳ» በግእዝም በአማርኛም ነባር ቃል ነው፤ «ጥቁር ሰሌዳ»፣ «ማስታወቂያ ሰሌዳ» እንላለን። ከመኪና ጋር ሲነገር ግን በመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች ልማድ «የሰሌዳ ቍጥር» ሆኖ ሕዝቡ «ታርጋ» የሚለውን ነገር ይዟል። ታርጋ ከጣሊያንኛ የተወሰደ ሲሆን ሰሌዳ የተባለው እርሱን ለመተካት ነው። ውጤቱም ቢሮው ሰሌዳ፣ ጎዳናው ታርጋ እያሉ አብረው መኖራቸው ሆነ። እንግዲህ አንድ ተርጓሚ «የመኪና ሰሌዳ አዘጋጅ» ብሎ ቢጽፍ ሰሚው የሚያስበው ታርጋን ነው።

ሌሎች አማራጮችንም መርምረናል። «ታፔላ» የሱቅንና የድርጅትን ስም ያሳያል እንጂ አያብራራም። «ማስታወቂያ» ሽያጭን ወይም ጥሪን ያስታውሳል፤ መኪናው የሚሸጥ ይመስላል። «መግለጫ» ብቻውን ሲቆም መሥሪያ ቤቶች ለጋዜጠኞች የሚሰጡት ቃል ሆኗል። በመሆኑም «ገላጭ ሰሌዳ» የሚለውን መርጠናል፤ ሁለቱም ቃላት የታወቁ ናቸው፣ ቅጽሉም ከታርጋ ይለየዋል።

ስለ ዝግጅቱ ስም ደግሞ «ኤግዚቢሽን»፣ «ዐውደ ርእይ» እና «ትርኢት» በሥራ ላይ ይገኛሉ። ዐውደ ርእይ ሥዕልንና ቅርስን ለማሳየት የተስማማ፣ በግእዝ ሕግ የተናበበ ጥሩ ቃል ነው። ትርኢት ደግሞ እንቅስቃሴ ያለበትን ነገር፣ እንደ ፈረስ ትርኢት ያለውን፣ ይይዛል። መኪናዎች ቆመው ብቻ ሳይሆን ሞተራቸው ተነሥቶና ተነድተው የሚታዩ ከሆነ ትርኢት ይሻላል። አጻጻፉም በአልፋው «አ» ወገን «ትርኢት» ሊሆን ይገባል፤ ሥሩ «ርእየ» ነውና በዐይኑ «ዒ» «ትርዒት» ብሎ መጻፍ ሥርወ ቃሉን ይሰውራል። በሰሌዳ ላይ በትልቅ ፊደል የሚጻፍ ስሕተት ከመጽሐፍ ስሕተት ይልቅ ቶሎ ይባዛል።

4. መኪና፣ ተሽከርካሪ፣ አውቶሞቢል

ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤዴ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ ያመጣት ሲድሊ የተባለች መኪና ነበረች። ከዚያ ወዲህ ቋንቋችን ለዚህ ነገር ሦስት ስሞችን አኑሯል።

«መኪና» ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን እንደ ምንጩ ሁሉ በአማርኛም ሰፊ ነው፤ «የስፌት መኪና»፣ «የጽሕፈት መኪና» ይባላልና። ብቻውን ሲነገር ግን የሚታሰበው የሚነዳው ነው። «ተሽከርካሪ» «ተሽከረከረ» ከሚለው ግስ የወጣ የሕግና የመሥሪያ ቤት ቃል ነው፤ ከአውቶሞቢል እስከ ባለ ሦስት እግር ባጃጅና እስከ ተሳቢ ያለውን ሁሉ ስለሚያቅፍ ለአዋጅ ይመቻል። ይሁን እንጂ ይኸው ስፋቱ ለሰሌዳ አይመችም፤ አንዲትን መኪና እያሳዩ «ይህ ተሽከርካሪ» ማለት አንድን በሬ እያሳዩ «ይህ እንስሳ» እንደ ማለት ነው። «አውቶሞቢል» በበኩሉ ለትንሿ የቤት መኪና ተወስኗል፤ ላንድሮቨርን አውቶሞቢል የሚል ሾፌር እምብዛም አያጋጥምም።

በአሶሳ ሌላም ነገር ይታከላል። በሱዳን ዐረብኛ መኪና «ዐረቢያ» ይባላል፤ ይህን ቃል የማያውቅ የከተማው ነጋዴ ጥቂት ነው። የመኪና ጎማ ደግሞ በዚያው ዐረብኛ «ልስትክ» ነው። አማርኛችን ከተመሳሳይ አውሮፓዊ ምንጭ «ላስቲክ»ን ወስዶ ለሚለጠጥ ነገርና ለዕቃ መያዣ ከረጢት ሰጥቶታል። ስለዚህ በሰሌዳ ላይ «ላስቲኩ ተቀይሯል» የሚል ጽሑፍ በአዲስ አበባ አንባቢ ዘንድ የመስኮቱን ማሸጊያ፣ በአሶሳ ገበያ ግን ጎማውን ሊያስታውስ ይችላል። እንዲህ ያለውን አሳሳች ዝምድና ለማስወገድ «ጎማ» የሚለው ቃል ለሁሉም ግልጽ ነው።

ከስም አኳያ አንድ ነገር እንጨምር። ሕዝብ ለመኪና የሰጠው ስም ከፋብሪካው ስም ጐን ቢጻፍ ጥሩ ነው። «ፎልክስ ዋገን» ብሎ የጻፈ ሰው በቅንፍ «ቮልስ» ብሎ ቢጨምር አንባቢው ወዲያውኑ ያውቀዋል፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱባትን መኪና ያላስታወሰ ተመልካችም አይገኝም። የሰውና የቦታ ስም ሲጻፍም ባለቤቱ የሚጠራበትን አጻጻፍ መከተል ያስፈልጋል። የአሶሳው ገዥ የሼኽ ኾጀሌ አል ሐሰን ስም በአዲስ አበባ አንደበት «ሸጎሌ» ሆኖ የሰፈር መጠሪያ መሆኑ ይታወቃል። ለሰፈሩ ሸጎሌ ትክክል ነው፤ ለሰውዬው ግን አይደለም።

5. የጋራዥ ቃላትና ግሶቻቸው

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንድረስ። የመኪናን ክፍሎች የሚጠሩት የአማርኛ ቃላት ብዙዎቹ ከጣሊያንኛ የተወሰዱ ናቸው፦ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኮፈን፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ካንዴላ፣ ላሜራ፣ ስፖኪዮ። እነዚህ ቃላት እንደገቡ አልቀሩም፤ የአማርኛን ድምፅ ልማድ ተቀብለዋል። «ኮፋኖ» የመጨረሻ አናባቢውን ጥሎ «ኮፈን» ሆኗል፤ እንደ ማንኛውም የአማርኛ ስም «ኮፈኑ»፣ «ኮፈኖች» እያለ ይራባል።

ከዚህም የሚበልጠው የያዟቸው ግሶች ናቸው። ፍሬን «ይያዛል»፣ አደጋ ሲደርስም «ይበጠሳል»፤ ማርሽ «ይገባል»፤ ሞተር «ይነሣል»፣ «ይወርዳል»፣ ዘይት ሲያጣም «ይነክሳል»፤ ጎማ «ይተነፍሳል»። ስሙ ባዕድ ቢሆንም ግሱ ፈጽሞ አማርኛ ነው። የሙያው ዕውቀት ያረፈው በስሙ ላይ ብቻ ሳይሆን በዚህ ጥምረት ላይ ነው። በመሆኑም ስሙን ነቅለን አዲስ ስናስገባ ግሱም አብሮ ይነቀላል። «ፍሬን በጠሰ» የሚለውን ሁሉም ይረዳል፤ «ማቆሚያ በጠሰ» የሚል ግን የለም። በዚያ ላይ «ማቆሚያ» መኪና የሚቆምበት ስፍራ ሆኖ በየከተማው ተጽፏል፤ የመካኒኩ ጥያቄ የመነጨው ከዚህ ነው። «የኃይል ማመንጫ»ም እንዲሁ በዓባይ ላይ የተሠራው የጉባው ግድብ በሚገኝበት ክልል ሌላ ትርጉም ሊይዝ አይችልም።

ይህ ሲባል የተቀመሩ ቃላትን ሁሉ እንንቀፍ ማለታችን አይደለም። «መሪ» የሚለው ቃል ሰውን ከሚመራው ወደ መኪናው መዘውር ተላልፎ ያለ ምንም ችግር ቆሟል። «የፈረስ ጉልበት»ም ከውጭ የተተረጐመ ቢሆንም ጸንቷል። እነዚህ የጸኑት ቦታው ባዶ በነበረበት ጊዜ ስለ ደረሱና ከሌላ ትርጉም ጋር ስላልተጋጩ ነው። ከዚህ ተነሥተን ለሰሌዳ ጽሑፍ ሦስት መመሪያዎችን እናቀርባለን።

ሀ) በጋራዥ የሚሠራበት ቃል ካለ፣ ምንጩ ባዕድ ቢሆንም፣ ዋናው ስያሜ እርሱ ይሁን።

ለ) ቃሉን የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ተብሎ ሲታሰብ ሌላ ስም አይፈለግለት፤ ሥራው በቀላል ግስ ይነገር። ለምሳሌ «ካምቢዮ (ማርሽ የሚለዋወጥበት)»።

ሐ) አዲስ ስያሜ የሚቀመረው ሕያው ቃል በሌለበት ብቻ ነው፤ ሲቀመርም በአካባቢው ሌላ ነገር አለመሰየሙ ይመርመር።

ሁለተኛውን መመሪያ የሚያጠናክር አንድ ምሳሌ እንስጥ። ረቂቁ ላንድሮቨርን «ባለ አራት ጎማ» ብሎታል። ከባጃጅ በቀር ባለ አራት ጎማ ያልሆነ የሰው መጫኛ መኪና የት አለ? ጸሐፊው ሊል የፈለገው ሞተሩ አራቱንም ጎማ ማዞር መቻሉን ነው፤ የእንግሊዝኛውን ስያሜ ቃላት ሲመነዝር ግን ዋናው ሐሳብ፣ መንዳቱ፣ ከእጁ አመለጠ። ይህን ጽንሰ ሐሳብ በአንድ ስም ለመያዝ መታገል አያስፈልግም። «በደኅና መንገድ የኋላ ሁለቱን ጎማዎች፣ በጭቃና በዳገት አራቱንም ያዞራል» ቢባል ሾፌሩም ተማሪውም ይረዳዋል።

6. ዘመንና ቍጥር

ረቂቁ «በ1965 የተመረተ» ይላል። የየትኛው ዘመን አቈጣጠር ነው? የመኪናው ወረቀት የሚናገረው የአውሮፓን ዘመን ነው፤ የአማርኛ አንባቢ ግን ምልክት የሌለውን ዓመት እንደ ዓመተ ምሕረት ይወስደዋል። 1965 ዓ.ም. ማለት በአውሮፓ 1972/73 ነው፤ መኪናው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወጣት ተደረገ ማለት ነው። ለአሮጌ መኪና ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም፤ የላንድሮቨር ሦስተኛው ዘር በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ወጣ በዚያ ዓመት የተሠራ መኪና መልኩ ሌላ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ሰሌዳውን ውሸታም ይለዋል። ወሩ ካልታወቀ «1965 እ.ኤ.አ. (1957/58 ዓ.ም.)» ተብሎ በሁለቱም ይጻፍ። መስከረም የሚያልፈው በመካከል ስለሆነ አንዱን ዓመት ብቻ መርጦ መጻፍ ያልታወቀውን እንደ ታወቀ ማድረግ ነው።

ሙሉው ቀን ከታወቀ ግን አንድ ዓመት ይበቃል። ለምሳሌ ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም የታየው ራሱ በመኪና ትርኢት ላይ፣ በአምስተርዳም፣ በኤፕሪል 30 ቀን 1948 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህም ሚያዝያ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. ይሆናል። ያን ጊዜ ብረት በእንግሊዝ አገር እጥረት ስለ ነበረበት የመኪናው አካል ከአሉሚኒየም ቅይጥ፣ ሻንሲው ግን ከብረት ተሠራ። «ላሜራው ለምን አይዝግም?» ለሚል ተመልካች መልሱ ይህ ነው፤ እንዲህ ያለው አንድ ዐረፍተ ነገር ከዐሥር የቍጥር መሥመሮች ይልቅ ይታወሳል።

7. የኤሌክትሪክ መኪናና «ሞተር»

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ አሮጌ መኪና ነው። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በአሮጌው ጐን መቆሙ የማይቀር ሆኗል። በዚህ ጊዜ «ሞተር» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። አማርኛ ቤንዚንና ናፍጣ የሚያቃጥለውንም፣ በኤሌክትሪክ የሚዞረውንም፣ ሁለት እግር ያለውንም መጓጓዣ ሞተር ይላል። ቀድሞ ዐውዱ ይለየው ነበር፤ ሁለቱ መኪናዎች ጐን ለጐን ሲቆሙ ግን አይለየውም።

መፍትሔው ቋንቋው ራሱ በሌላ ቦታ ያሳየው ነው። ተንቀሳቃሽ ስልክ ሳይመጣ «ስልክ» ብቻ ይባል የነበረው ኋላ «የመስመር ስልክ» ተባለ፤ አዲሱ ሲመጣ አሮጌውም ቅጽል አገኘ። እንዲሁም «የነዳጅ ሞተር» እና «የኤሌክትሪክ ሞተር» ብንል አዲስ ቃል ሳንፈጥር ልዩነቱን እናገኛለን። «ነዳጅ» የወጣው «ነደደ» ከሚለው ግስ ስለሆነ የሚነደውን ከማይነደው መለየቱ ከሥሩም ጋር ይስማማል።

«ቻርጅ ማድረግ» ለሚባለውም «መሙላት» ዝግጁ ነው። ነዳጅ ይሞላል፣ የስልክ ሒሳብ ይሞላል፣ ባትሪም ይሞላል። «ባትሪው አንድ ጊዜ ሲሞላ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል» የሚል መሥመር ማብራሪያ አይሻም።

በልክ ረገድ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የነዳጅ መኪና አቅም በፈረስ ጉልበት፣ የኤሌክትሪኩ በኪሎ ዋት ይገለጣል፤ ሁለቱ ግን አንድን ነገር የሚለኩ ናቸው። አንድ የፈረስ ጉልበት ወደ 0.75 ኪሎ ዋት ይጠጋል፤ ስለዚህ 100 ኪሎ ዋት ያለው መኪና ወደ 135 የፈረስ ጉልበት አለው። አማርኛችን አንዱን «ጉልበት»፣ ሌላውን «ኃይል» ማለቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ያስመስላቸዋል። በአንድ ትርኢት ላይ ያሉ ሰሌዳዎች ሁሉ ሁለቱንም ልክ ጐን ለጐን ቢጽፉ ተመልካቹ ማነጻጸር ይችላል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት መሆኑን ሲሰማ ለኖረ የክልሉ ነዋሪ ዋት እንግዳ ልክ አይደለም።

8. የጽሑፉ አቀማመጥ

የቃላቱ ምርጫ የቱን ያህል ቢያምር ሰሌዳው ካልተነበበ ከንቱ ነው። የግእዝ ፊደል እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ስለዚህ አርእስትን ከዝርዝር የሚለየው መጠንና ውፍረት ብቻ ነው። በተጨማሪም ሆሄያችን አናባቢን የሚለዩት በትናንሽ ቅጥያዎች ነው፤ «ሙ» እና «መ»፣ «ጸ» እና «ጻ» ከሩቅ ይመሳሰላሉ። በተለምዶ የንባቡ ርቀት ለ200 ተካፍሎ የፊደሉ ቁመት ይገኛል፤ በዚህ ስሌት ከሁለት ሜትር ለሚያነብ ሰው አንድ ሳንቲ ሜትር ዝቅተኛው ነው። ለግእዝ ፊደል ከዚህ ከፍ ቢል ይመረጣል። የመኪናው ስም ከአምስት ሜትር እንዲታይ ደግሞ ከሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም።

ጽሑፉ በሦስት ደረጃ ይከፈል፦ በላይ ስሙ፣ በመካከል አምስት ያህል አጫጭር መሥመሮች፣ በታች ከሦስት ዐረፍተ ነገር የማይበልጥ ታሪክ። አላፊው የመጀመሪያውን፣ የሚያውቀው ሁለተኛውን፣ የቆመው ሦስተኛውን ያነባል። ቃል በመሥመር መጨረሻ ላይ አይቈረጥ። ሰሌዳው በፊተኛው ጎማ አጠገብ፣ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ፣ ልጅም ሊያነበው በሚችል ከፍታ ይቁም፤ በመስተዋቱ ላይ አይለጠፍ፣ ታርጋውንም አይሸፍን። የአሶሳ ፀሐይ በሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ ንባብን ስለሚነሣ ደብዛዛ ገጽ ይመረጥ።

በሰሌዳው ላይ የበርታ፣ የጉሙዝ ወይም የሽናሻ ጽሑፍ የሚጨመር ከሆነ ከአማርኛው ቃል በቃል ተተርጕሞ ሳይሆን በቋንቋው ተናጋሪዎች ራሳቸው መጻፍ አለበት። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመው የበርታ፣ የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ለዚህ ሥራ ይረዳል፤ ሆኖም ጋራዡ የሚሰጠውን ቃል ጋራዡን መጠየቅ ግድ ነው።

9. የታረመው ሰሌዳ

ከላይ በተዘረዘሩት ሐሳቦች መሠረት ያዘጋጀነው ጽሑፍ ይህ ነበር፦

ላንድሮቨር
የተሠራው፦ 1965 እ.ኤ.አ. (1957/58 ዓ.ም.)
ሞተር፦ ቤንዚን፣ 4 ሲሊንደር፣ 2,286 ሲሲ
አነዳድ፦ በደኅና መንገድ የኋላ ሁለቱን ጎማዎች፣ በጭቃና በዳገት አራቱንም ያዞራል
አካል፦ የአሉሚኒየም ላሜራ በብረት ሻንሲ ላይ
የታደሰው፦ ሞተር፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ

የታችኛውን ታሪክ ባለመኪናው በራሱ አንደበት እንዲጽፈው ተውንለት።

ይህን ረቂቅም ለዚያው መካኒክ አነበብንለት። እስከ አምስተኛው መሥመር ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠን። «የታደሰው» ስንል ግን አቋረጠን። «እንደሱ አይባልም። ሞተሩ ወርዷል፤ ፍሬኑ ተጠግኗል፤ ካምቢዮው ተፈትቶ ተገጥሟል፤ ባሌስትራው ተቀይሯል» አለ። እኛ በአንድ ግስ የጠቀለልነውን እርሱ በአራት ለየው። ሰሌዳውን ለሚያነብ ሌላ መካኒክ፣ መኪናውን ለመግዛት ለሚያስብ ሰውም፣ የአራቱ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው፤ የተቀየረ ነገር አዲስ ነው፣ የተጠገነ ግን አሮጌ ነው። የመጨረሻውን መሥመር እርሱ እንዳለው አድርገን ጻፍነው።

10. ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ገለጥነው የገላጭ ሰሌዳ ጽሑፍ ትንሽ ቢሆንም የስያሜ ሥራችን መፈተኛ ነው። በ2017 ዓ.ም. ለሕዝብ በተከፈተው በብሔራዊ ቤተ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ መኪናዎች ለጐብኚ ቀርበዋል፤ እንዲህ ያለ ዝግጅት በበዛ ቍጥር ተርጓሚዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ መጠራታቸው አይቀርም። በዚያን ጊዜ ረቂቃቸውን ለአርታዒ ከማሳየታቸው በፊት መኪናውን ለፈታው ሰው እንዲያነቡለት እንመክራለን። ስሞቹን ከመዝገበ ቃላት ልናገኛቸው እንችላለን፤ ግሶቹ ግን ያሉት በእርሱ ዘንድ ነው።